ክንፍና ቀጥታ መንገድ፦ ኮሊን ቻፕማን (1928–1982 እ.ኤ.አ.)

የሎተስ መሥራች እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመዋቅር ምህንድስና የተማረ ሲሆን፣ በመኪና ላይ ክብደትን እንደ ዕዳ ይቆጥር ነበር። በ1968 በውድድር መኪናው ላይ ከፍ ያለ ክንፍ ተከለ። የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ጎማን ወደ መሬት ስለሚጫን ኩርባ በበዛበት መንገድ ይረዳል፤ በረጅም ቀጥታ መንገድ ግን የአየሩን ግፊት ጨምሮ ፍጥነት ይቀንሳል። በ1969 ባርሴሎና ላይ የሁለቱም ሎተሶች ክንፍ ተሰበረና በቀጣዩ የሞናኮ ውድድር ከፍተኛ ክንፍ ታገደ።

ከባዱ ውሳኔ የመጣው በ1970 ሞንዛ ላይ ነው። ቀጥታው ስለሚበዛ የዮኸን ሪንት ሎተስ 72 ክንፎቹ ተነቅለው ለልምምድ ወጣ። ሁለተኛው ነጂ ጆን ማይልስ መኪናው ያለ ክንፍ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ አስታውቆ ነበር። ሴፕቴምበር 5 ቀን ሪንት ወደ ፓራቦሊካ ኩርባ ሲቃረብ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ወደ ግራ ተስቦ ከአጥሩ ጋር ተላተመ፤ ሪንትም ሞተ። የዓመቱ ሻምፒዮንነት የተሰጠው ለሟቹ ነበር። ጥርጣሬው ያረፈው በፊት ፍሬን ዘንግ ላይ ቢሆንም፣ ክንፍ አልባ መኪና ፍሬን ሲያዝ መሬት የመቆንጠጥ ኃይሉ ማነሱ አይካድም።

የ1978ቱ ሎተስ 79 ችግሩን በሌላ አቅጣጫ ቀረበው፦ ጫናው በአብዛኛው ከመኪናው ሆድ ሥር በሚያልፈው አየር ስለሚገኝ በክንፍ ላይ ያለው ጥገኝነት ቀነሰ። ማሪዮ አንድሬቲ በዚሁ መኪና ሻምፒዮን ሆነ። ቻፕማን በዲሴምበር 1982 በ54 ዓመቱ በልብ ሕመም ሲያርፍ፣ ለ1983 የወጣው ደንብ የመኪኖች ሆድ ጠፍጣፋ እንዲሆን አዝዞ ነበር።