እጁ ታስሮ በር የጠበቀው ነጋድራስ

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ የምትኖር የእህቴ ልጅ ለቤተሰቡ የላከችውን ካርቶን ለማውጣት ጉምሩክ መጋዘን ሄጄ ወረፋ ይዤ ነበር። ካፖርት፣ ሁለት ጥንድ ጫማና የሕፃናት ልብስ ነው። ከፊቴ የቆመ አንድ ወጣት የተሰጠውን የሒሳብ ወረቀት እያገላበጠ ፊቱ ተለዋወጠ። ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ላይ የመጓጓዣውና የመድኑ ዋጋ ተደምሯል። በድምሩ ላይ ቀረጥ ተጥሏል። ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተሰልቷል። የሕግ ሰው ነኝና ላስረዳው ሞከርኩ። መጓጓዣው ታስቦለት 100 ብር የተገመተ ዕቃ 35 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት 135 ብር ይሆናል። የ15 በመቶው ታክስ የሚሰላው ከመቶው ሳይሆን ከ135ቱ ስለሆነ ሌላ 20 ብር ከ25 ሳንቲም ይወልዳል። ኤክሳይዝ ያለበት ዕቃ ከሆነማ ጨዋታው ሌላ ነው። ወጣቱ በጨዋነት አዳመጠኝና እንዲህ ያለውን ነገር ማን እንደፈለሰፈው ጠየቀኝ።

ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ስገባ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ቀረጥን የፈለሰፈ ሰው አይደለም። ቀረጥ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጣልና አገር ቀረጥ የመጣል ሥልጣኗን ስታጣ ምን እንደምትሆን ከማንም በፊት በአማርኛ የጻፈ ሰው ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላል። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሥራው የጉምሩክ ሹምነት እንደነበረ የምናስታውስ ግን ጥቂቶች ነን። እስቲ ዛሬ ስለ እሱ እንጨዋወት። ዘመኖቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ገብረ ሕይወት በሐምሌ 1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ሻለቃ ባይከዳኝ የአጼ ዮሐንስ ባለሟል ነበሩ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥታቸው ጋር መተማ ላይ ወደቁ። ሕፃኑ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ዘመኑ ደግሞ ክፉ ቀን ነው። የከብት እልቂትና ረሃብ ሰሜኑን ሲያራቁተው ብዙው ሰው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተሰደደ። ትንሹ ገብረ ሕይወትም ከተሰዳጆቹ ጋር ኤርትራ ገብቶ በምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተጠጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተረት ይመስላል። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር መርከብ ሊያይ ምጽዋ ወደብ ይወርዳል። ከመርከቡ ይወጣና እዚያው ይደበቃል። መርከቡ ባሕሩን ከተያያዘው በኋላ ይገኛል። ካፒቴኑም ልጁን ወደ ባሕር አልወረወረውም፤ አውሮፓ ሲደርስ ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጠው። ቤተሰቡ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፣ አስተማሩት። የጀርመን ቋንቋን አጠናቅቆ ያዘ፣ በርሊንም ገብቶ ሕክምና ተማረ። እንግዲህ የአገራችን የመጀመሪያው የኢኮኖሚ ሊቅ ባሕር የተሻገረው ቀረጥ ያልተከፈለበት ጭነት ሆኖ ነው ማለት ነው።

ወጣቱ ገብረ ሕይወት አገሩ ሲመለስ ቤተ መንግሥት ደረሰ። አጼ ምኒልክ ታመው ነበር። እሱም ለንጉሠ ነገሥቱ በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገለ፤ ሊያክማቸው ከመጣው ጀርመናዊ ሐኪም ጋርም ሠራ። ሐኪሙ ንጉሡ ተመርዘዋል የሚል ወሬ ባነሳ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ታመሰ። በዚያ ሽኩቻ መሀል የተገኘ አስተርጓሚ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያስቸግርም። ገብረ ሕይወት እንደገና ስደት ወጣ።

ይህ ሁለተኛ ስደት ብዕሩን ፈታለት። በ1904/05 ዓ.ም. አጼ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተሰኘው ጽሑፉ አስመራ ላይ ብርሃን ይሁን በተባለው ኅትመት ወጣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውን የምኒልክ ታሪክ ሙገሳ የበዛበት ነው ብሎ ነቀፈ፤ ለራሱም ለአገሪቱ የሚያስፈልጉ ማሻሻያዎችን ዘረዘረ። የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ የግል ሀብት ይለይ፤ ገበሬው የሚከፍለው ግብር በዓይነት ሳይሆን በገንዘብ የተወሰነ ይሁን፤ ሕጉ ይጻፍ፤ ገንዘቡ አንድ ይሁን፤ የቀረጡ ሥርዓት ይስተካከል አለ። ይህን ሲጽፍ ዕድሜው 26 ዓመት ገደማ ነበር።

የቀረጡ ሥርዓት ይስተካከል ማለት ምን ማለት እንደነበረ ለመረዳት የዚያን ዘመን መንገድ በዓይነ ሕሊና መጓዝ ያሻል። የሲራራ ነጋዴ አሞሌውን፣ ማሩን፣ ቆዳውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሲሻገር በየወንዙ መሻገሪያና በየተራራው አፋፍ ኬላ ይጠብቀዋል። እያንዳንዱ ኬላ የራሱ ቀራጭ፣ እያንዳንዱ ቀራጭ የራሱ ጌታ አለው። ነጋዴው ለአንዱ ከፍሎ ሁለት ቀን ሳይጓዝ ለሌላው ይከፍላል። ከጎጃም የተነሳ ጭነት ሸዋ እስኪደርስ ዋጋው በመንገድ ይሰባል፤ ዕቃው ግን ያው ነው። ገብረ ሕይወት ይህ ዓይነቱ ቀረጥ አገር ከአገሩ ጋር እንዳይነግድ የሚያደርግ መሆኑን ተረዳ። የጎጃም ሸማኔ ለሐረር ገበያ መሥራት ካልቻለ ከባሕር ማዶ ለሚመጣው አቡጀዲ ገበያውን ራሳችን ጠርገን ሰጠነው ማለት ነው።

ይህ የውስጡ በር ነው። ወደ ውጭው በር ስንመጣ ጉዳዩ የሕግ ይሆናል።

በጥር 1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከአንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈረሙ። የሕግ ተማሪዎች ይህን ውል የሚያውቁት ለውጭ አገር ሰዎች የተለየ ዳኝነት ያቋቋመ በመሆኑ ነው። ፈረንሳዊ በኢትዮጵያ ምድር ወንጀል ቢሠራ ዳኛው ቆንስሉ ነው። ኢትዮጵያዊና ፈረንሳዊ ቢካሰሱም ቆንስሉ ከኢትዮጵያዊው ዳኛ አጠገብ ይሰየማል። ብዙ የማይወሳው ግን የቀረጡ አንቀጽ ነው። ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከዋጋው 10 በመቶ፣ በወይን ጠጅና በመሰል መጠጥ ላይ ደግሞ 8 በመቶ ልትቀርጥ ተስማማች። ከዚያ በላይ መጣል አትችልም። ሌሎቹ መንግሥታትም ለአንዱ የተሰጠው መብት ለሁሉም ይድረስ በሚል መርህ ከዚሁ ማዕድ ተቋደሱ።

ልብ በሉ፣ መጠጡ ከመጥረቢያውና ከማረሻው ያነሰ ቀረጥ ይከፍላል። የወይን ጠጅ ሻጭ አገር ውል ሲያረቅ እንዲህ ነው።

በአጼ ምኒልክ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ውሉ ከመፈረሙ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1899 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ እጣ እርስ በርሳቸው ተዋውለው ነበር። አገሪቱ ወደብ የላትም፤ መውጫዋ የፈረንሳይ ጅቡቲ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የቆመ ንጉሥ የሚፈርመውን ሁሉ ወድዶ አይፈርምም። የሆነው ሆኖ አድዋ ላይ በጦር ያልተሸነፈች አገር ከ12 ዓመት በኋላ በራሷ በር ላይ የምትጠይቀውን ቀረጥ በሌላው ፈቃድ እንድትወስን ተደረገች።

ገብረ ሕይወት ወደ ሹመት የመጣው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። በልጅ ኢያሱ ዘመን ተመልሶ በመጀመሪያ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። ነጋድራስ ጥንት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነበር። በእሱ ዘመን ግን ቀረጥ ሰብሳቢ፣ የገበያ ሹምና የንግድ ክርክር ዳኛ ማለት ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ተራ ከተማ አይደለችም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ እዚያ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በባቡር የሚመጣው የባሕር ማዶ ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። የአገሪቱ ትልቁ በር እሷ ነበረች።

በር ጠባቂው ምን አየ? ወደ ውጭ የሚጫነውን አየ፦ ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ። ወደ ውስጥ የሚገባውንም አየ፦ አቡጀዲ፣ ጠመንጃ፣ መጠጥ፣ ጌጣጌጥ፣ ክብሪትና መርፌ። ሌላው ሹም ይህን አይቶ የሚያሰላው የቀረጡን ገቢ ነው። ገብረ ሕይወት ያሰላው ግን ድካሙን ነው። አንድ ጭነት ቆዳ ለማዘጋጀት ገበሬውና ነጋዴው ስንት ቀን ይለፋሉ? በምትኩ የሚገባውን አቡጀዲ የአውሮፓ ፋብሪካ በስንት ሰዓት ያወጣዋል? ልውውጡ በብር ሲታይ እኩል ነው፤ በሰው ጉልበት ሲመዘን ግን የእኛ የወር ልፋት በእነሱ የቀን ሥራ ይለወጣል። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ላለው ሕዝብ ገባር መሆኑ አይቀርም ወደሚል መደምደሚያ ያደረሰው ይህ ስሌት ነው። የእኛን ጥሬ ዕቃ አውጥቶ የሌላውን ፋብሪካ ሥራ የሚያስገባ ባቡር ብቻውን አገር እንደማያበለጽግም የተናገረው የባቡሩ ሠራተኛ የነበረው እሱ ራሱ ነው።

ከዚህ ተነስቶ ቀረጥን በሌላ ዓይን አየው። የውስጡ ኬላ የአገርን ንግድ ስለሚገድል ይነሳ፤ በድንበር ላይ ያለው ቀረጥ ግን የግምጃ ቤት መሙያ ብቻ ሳይሆን ለሚያቆጠቁጥ የአገር ሙያ አጥር ይሁን አለ። ምሳሌ ያደርጋት የነበረችው አገር ጃፓን ናት። ጃፓንም በ1858 ዓ.ም. ተገድዳ በተዋዋለችው መሠረት ከ5 በመቶ በላይ መቅረጥ አትችልም ነበር። የራሷን ቀረጥ ራሷ የመወሰን ሙሉ ሥልጣኗን ያስመለሰችው በ1903 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ግን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። ትምህርት ቤት ከፈተች፣ ሕጎቿን ጻፈች፣ ፋብሪካ ተከለች። ገብረ ሕይወት ከጃፓን የተማረው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ አጥር ዋጋ የሚኖረው ከጀርባው የሚበቅል ነገር ሲኖር ነው።

ድሬዳዋ ላይ የተቀመጠው ነጋድራስ ግን አጥር የማበጀት ሥልጣን አልነበረውም። ከእሱ በላይ ንጉሥ አለ፤ ከንጉሡ በላይ ውል አለ። እጁ ታስሮ በር ጠበቀ። ያመነበትን ቀረጥ መጣል ስላልቻለ መጽሐፍ ጻፈ።

በሰኔ 1911 ዓ.ም. ሞተ። ገና 33 ዓመት አልሞላውም ነበር። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተሰኘው ዋና ሥራው አዲስ አበባ ላይ የታተመው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው መጽሐፉን በእጁ አልያዘውም። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን የታተመው ደግሞ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የታሪክ ቀልድ ሆኖ የድሬዳዋን ነጋድራስነት ከጊዜ በኋላ የያዘው በሙገሳ የነቀፈው አፈወርቅ ነበር።

ውሉም ከእሱ በኋላ ኖረ። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት የኤክሳይዝና የፍጆታ ግብር ባወጣ ጊዜ የውጭ ሌጋሲዮኖች የክሎቡኮቭስኪን ውል ጠቅሰው ተቃወሙ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው፣ በ1935 ዓ.ም. የወጣው የጉምሩክ አዋጅ አገሪቱን በራሷ ሕግ በራሷ በር ላይ ያቆማት።

ወደ መጋዘኑ ወረፋ ልመለስ። ያ ወጣት የያዘው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ቢያስከፋውም ቁጥሩን ያወጣው የአገሩ ሕግ ነው። ገብረ ሕይወት ይህን ሥልጣን ለማየት ዕድሜ አልሰጠውም። ታዲያ ሥልጣኑን ከያዝነው ብዙ ዓመት ሆነን፤ እሱ ቢነሳ የሚጠይቀን ምንድን ነው? የሰበሰብነውን ገንዘብ መጠን አይመስለኝም። በጫማው ላይ የተጣለው ቀረጥ የትኛውን የአገር ጫማ ሠሪ አሳደገ? አሳድጎስ ከሆነ መቼ ይነሳለታል? የሚል ይመስለኛል። ከጀርባው ምንም የማይበቅልበት የድንበር ቀረጥ እሱ ይነሳ ካለው ኬላ በምን ይለያል? ነጋዴው ይከፍላል፣ ገዢው ይከፍላል፣ ዕቃው ግን ያው ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓይነት ድርድር ፍሬ ነገሩ በየትኛው ዕቃ ላይ እስከ ስንት በመቶ እንቀርጣለን የሚል ቃል መግባት ነው። በፈቃድ የሚገባ ቃል በግድ ከተፈረመ ውል እንደሚለይ የሕግ ሰው ሆኜ አልክድም። ይሁንና ጣሪያ ጣሪያ ነው። አንዴ ከተፈረመ በኋላ ከፍ ማድረግ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ተደራዳሪዎቻችን ወደ ጠረጴዛው ሲቀርቡ ከሰንጠረዦቻቸው ጎን የድሬዳዋውን ነጋድራስ ቀጭን መጽሐፍ ቢይዙ ክፋት የለውም። እኛም ወረፋ ላይ ስንቆም ስንት ከፈልኩ ከሚለው ጥያቄ ቀጥለን ለምን ከፈልኩ ብለን የመጠየቅ ልማድ ብናዳብር መልካም ነው። እሱ የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ሰላም እንሰንብት።