ተሰማ እሸቴ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ (1869 – 1957 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ገጣሚ፣ ድምፃዊ፣ የመኪና መካኒክና የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በመሆን ይታወቃሉ። ሸክላዎቹ በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት ተቀርጸው፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ሲዲ ተገልብጠው እንደገና ለአድማጭ ቀርበዋል።

ልደትና ወጣትነት

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በሸዋ፣ ሚንጃር ነው። በጤፍ ምርቱ የታወቀው ሚንጃር ዛሬ እንደ ደብረ ብርሃንና እነዋሪ ሁሉ በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ይገኛል። ተሰማ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢ ታወቁ። በተለይ የታወቁት ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም እዚያው በቦታው በመፍጠር ችሎታቸው፣ በድምፃቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው ነበር።

የጀርመን ጉዞ

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አዲስ አበባ ገቡ። ከነዚህ አንዱን ያመጣው አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ነበር። መኪናውን የሚነዳና ሲበላሽ የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ስላልነበረ፣ ተሰማ ሙያውን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። እዚያም መንዳትና የሞተር ጥገና ተምረው ሲመለሱ፣ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ሾፌሮችና መካኒኮች አንዱ ሆኑ።

የሸክላ ቅጂዎቹ

ተሰማ በርሊን ሳሉ ሂዝ ማስተርስ ቮይስ በተባለው የንግድ ምልክት ከ10 በላይ ሸክላዎች አስቀረጹ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያውያን ድምፅ ጨርሶ አልተቀዳም ማለት አይደለም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት የድምፅ መልእክት ቀደም ብሎ በሰም ጥቅል ላይ ተቀድቶ ነበር። የተሰማ ቅጂ የሚለየው ግን ሙዚቃ በመሆኑ፣ በብዛት ታትሞ በመሸጡም ነው።

በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ አገልግሎት ላይ አልዋለም፤ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ዘፋኙ ወደ ትልቅ ቀንድ አፉን አቅርቦ ይዘፍናል፤ የድምፁ ኃይል ስስ ሽፋንን ያንቀጠቅጣል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘችው መርፌ በሚሽከረከር ሰም ላይ ቦይ ትቀርጻለች። ሰሙ በብረት ከተለበጠ በኋላ ከእሱ ማተሚያ ይወጣና ሸክላው ይታተማል። አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ በድግስ ላይ እንደ ታዳሚው ስሜት ሊረዝም የሚችል ዘፈን ለሸክላው ሲባል ማጠር ነበረበት።

ግራሞፎኑ የሚሠራው በእጅ በሚጠመዘዝ ሞላ ስለነበር መብራት ባልገባበት ቤትም ይሰማ ነበር።

ሹመትና ግዞት

ተሰማ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰው ነበሩ። በዘመናቸውም የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የስልክ ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ እሳቸውም ሹመታቸውን አጥተው ለእስርና ለግዞት ተዳረጉ። ከዚያ በኋላ በጅማ ኖረዋል። በኋለኛው ዕድሜያቸውም በቅኔያቸውና በቀልዳቸው ታዋቂነታቸው አልቀነሰም። በ1957 ዓ.ም. አረፉ።

የሸክላዎቹ አያያዝና ዳግም ሕይወት

የዘመኑ ሸክላ የሚሠራው ላክ የምትባል ነፍሳት ከምታመነጨው ሙጫ ጋር የተፈጨ ማዕድን ተደባልቆ ነው። እንደ ስሙ ተሰባሪ ነው፤ ከእጅ ካመለጠ ይሰነጠቃል፣ ሙቀት ካገኘው ይጣመማል። በአልኮል ከተጠረገ ሙጫው ይሟሟል። ዋናው ጠላቱ ግን መደመጡ ራሱ ነው። የድሮው ግራሞፎን ከባድ ስለነበረ የብረት መርፌው በእያንዳንዱ ጨዋታ ቦዩን ይፍቃል። በዚህም የተነሳ ብዙ የተወደደ ዘፈን ከሁሉ በላይ የሚንጫጫው ሸክላ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ያለውን ሸክላ ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ መሣሪያው ለእሱ የተስማማ መሆን አለበት። ለኋለኞቹ የፕላስቲክ ሸክላዎች የተሠራው ቀጭን መርፌ በሰፊው ቦይ ግርጌ ስለሚንሸራተት ከዘፈኑ ይልቅ የተጠራቀመውን ቆሻሻና ጭረት ያነሳል፤ ስለዚህ ሦስት እጥፍ ያህል የሚወፍር መርፌ ያስፈልጋል። ፍጥነቱም ሌላ ችግር ነው። በደቂቃ 78 ዙር የሚለው ልክ አንድ ወጥ መመዘኛ የሆነው ኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀረጹት ሸክላዎች ከ70 አካባቢ እስከ ከ80 በላይ ይለያያሉ። ፍጥነቱ ከበዛ ዘፋኙ ይቀጥናል፣ ዘፈኑም ይጣደፋል፤ ካነሰ ድምፁ ይጎረናል። የሚገለብጠው ሰው ትክክለኛውን ልክ የሚያገኘው በጆሮው መዝኖ ነው።

የተሰማ ቅጂዎች በዚህ መልክ ተሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2011 በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የኢትዮፒክስ ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ሆነው በሲዲ ወጡ። አሳታሚው የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ ነው። በዚህም ምክንያት ከነሐስ ባንዶችና ከዘመናዊ ኦርኬስትራዎች መስፋፋት በፊት የአማርኛ ዘፈን ምን ይመስል እንደነበር በጽሑፍ ከሚነገረው አልፎ በጆሮ መስማት ይቻላል።

ሲዲው ራሱ ግን የመጨረሻ ማረፊያ አይደለም። ድምፁን የሚያነበው ጨረር የሚያንጸባርቀው ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ አየር ከገባው ይበላሻል። በዲጂታል የተቀመጠ ድምፅ የሚቆየው በተለያየ ቦታ ብዙ ቅጂ ሲኖረውና በየጊዜው ወደ አዲስ ማከማቻ ሲዛወር ነው። ሸክላውም ከተገለበጠ በኋላ አይጣልም፤ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ዳግም ሊነበብ የሚችለው ዋናው ቅጂ እሱ ነውና።

ቤተሰብ

የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ የነጋድራስ ተሰማ ልጅ ናቸው። የተወለዱት በጅማ ሲሆን ኮንፌዴሬሽኑን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1987 መርተዋል።