ወባ የጣለችው ፋውስቶ ኮፒ

(ዘመኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው)

ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ በልጅነቱ የሥጋ ቤት ተላላኪ ነበር። በ1940፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ የጣሊያንን ዙር ብስክሌት አሸነፈ። ጦርነቱ ቱኒዚያ ወስዶ በ1943 በእንግሊዞች አስማረከው። ከምርኮ መልስ የአገሩን ዙር አራት ጊዜ፣ ቱር ደ ፍራንስን ሁለት ጊዜ ወሰደ።

በዲሴምበር 1959፣ ጉልበቱ ደክሞ ሳለ፣ ያኔ የላይኛው ቮልታ ትባል ወደነበረችው ቡርኪና ፋሶ ተጋብዞ ዋጋዱጉ ላይ ከአገሬው ልጆች ጋር ለበዓል ማድመቂያ ተወዳደረ፤ አደንም ወጣ። ቤቱ ሲመለስ ትኩሳት ጣለው። አብሮት የሄደው ፈረንሳዊው ዤሚኒያኒም ታሞ ነበር፤ የእሱ ሐኪሞች ግን ወባ መሆኑን ደርሰውበት በኩዊኒን ዳነ። ወሬው ከፈረንሳይ ቢደርሳቸውም የኮፒ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። እኛ አገር ቆላ ወርዶ የተመለሰ ገበሬ ሁሉ የሚለየውን በሽታ! ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 በ40 ዓመቱ ቶርቶና ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።