ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፣ ጥቁሩ የአየር አዛዥ

በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የኢጣሊያ ወረራ እንደማይቀር በተረዳ ጊዜ፣ ለሠራዊቱ ዘመናዊ አሠልጣኞችና አዛዦች ፍለጋ ተያያዘ። ለምድር ጦሩ የስዊድን መኮንኖችን አስመጥቶ በሆለታ ገነት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ የጦር ትምህርት ቤት ከፈተ። ለአየሩ ግን ምርጫው ከዚህ የተለየ ሆነ። በዚያው ዓመት ክረምት አዛዥነቱ ለአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ተሰጠ። ሹመቱ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተፈጸመ እንጂ በሕዝብ ድምፅ የተገኘ አልነበረም። ይሁን እንጂ በቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረው አፍሪካና የዘር ልዩነት ሕግ በነበረበት በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ለሚኖረው ጥቁር ሕዝብ፣ ከእርሱ ወገን የሆነ ሰው የአንድ ነጻ አገር የአየር ኃይል አዛዥ መሆኑ ከብዙ ምርጫ የበለጠ ትርጉም ነበረው።

ጆን ሮቢንሰን በፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል ከተማ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ተወለደ። ያደገው በሚሲሲፒ ግዛት በጋልፍፖርት ነው። በቱስኪጊ ተቋም የአውቶሞቢል መካኒክነት ተምሮ ቢመረቅም፣ በተወለደበት አካባቢ ለጥቁር መካኒክ የሚሆን ሥራ ስላልነበረ ወደ ሰሜን፣ መጀመሪያ ወደ ዲትሮይት፣ ኋላም ወደ ሺካጎ ተሰደደ። በሺካጎ የነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት በቀለሙ ምክንያት አልቀበልም ባለው ጊዜ የወሰደው እርምጃ የሰውየውን ጠባይ ያሳያል። በዚያው ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ወለሉን እየጠረገ ጆሮውን ወደ መምህሩ ጥሎ ይከታተል ነበር። በመጨረሻም ከባልደረባው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ተማሪ ሆኖ ገባ፤ ከተመረቁም በኋላ ሁለቱ በዚያው ትምህርት ቤት ለጥቁር ተማሪዎች መምህራን ሆኑ። የነጮች የበረራ ሜዳ ስለተከለከላቸውም ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን ሜዳ ደለደሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 ሮቢንሰን ወደ ቱስኪጊ በርሮ፣ ተቋሙ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ወዲያው ፍሬ አላፈራም።

በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑ በነበሩት በመላኩ በያን አማካይነት ተጠርቶ በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ወር አዲስ አበባ ደረሰ። ያገኘው የአየር ኃይል ለስሙ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ ከፈረንሳይ የተገዙት ፖቴዝ 25 አይሮፕላኖችና ጥቂት ሌሎች ተደምረው ከሁለት ደርዘን አይበልጡም፤ አብዛኞቹም መሣሪያ አልነበራቸውም። በዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ አለ። አዲስ አበባ በምትገኝበት 2,400 ሜትር ገደማ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉ የሚሸከመው ክብደት ያንሳል፤ የመንደርደሪያው ሜዳ ይረዝማል። የጣሊያን አይሮፕላኖች ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ አዛዡ ሊዋጋ የሚችልበት አንዳች መንገድ አልነበረም። መልእክት፣ መድኃኒትና መኮንኖችን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ግንባር ማመላለስ፣ ጠላት ሲያገኘው በሸለቆና በደመና ውስጥ መሰወር ነበር ሥራው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር።

ተምሳሌትነቱ ለፖቴዙ ሞተር አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ አልጨመረለትም። ይህን መሸሸግ ለሮቢንሰንም ክብር አይሆንም። ነገር ግን የዚያን ጊዜ የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ስለ እርሱ የጻፉትን ሺህዎች አንብበዋል፤ ጥቁር ሰው አይሮፕላን ለማብረር አይበቃም የሚለው የዘመኑ እምነት የተሸነፈው በጦር ሜዳ ድል ሳይሆን፣ ይህ ሰው በየዕለቱ ተነሥቶ በሰላም በማረፉ ነው። በ1928 ዓ.ም. ግንቦት ወር ወደ አሜሪካ በተመለሰ ጊዜ በኒውዮርክና በሺካጎ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ቡናማው ኮንዶር የሚለው ስም የወጣለት በታላቁ የአሜሪካ አሞራ ነው። እርሱ ከሄደ በኋላ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ የሆለታ ዕጩ መኮንኖች የነበሩባቸው ጥቁር አንበሶች ነቀምት አጠገብ በቦንያ ያረፉትን የኢጣሊያ አይሮፕላኖች በሌሊት አቃጠሉ፤ የአየር ጄኔራሉን ማሊዮኮንም ገደሉ። አየሩን በምድር ያሸነፉበት ጊዜ ይህ ነው።

የቱስኪጊው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1939 ተጀመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጥቁር ተዋጊ አብራሪዎች ከዚያ ወጡ። በሕይወት የቀሩት አረጋውያን አብራሪዎች እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2009 ባራክ ኦባማ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት፣ ቃለ መሐላ ሲፈጽም በክብር እንግድነት ተጠርተዋል።

ሮቢንሰን ራሱ በ1936 ዓ.ም. ጥቁር ባለሙያዎችን አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ አዳዲስ አብራሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ግን የስዊድን ቡድን በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት መጥቶ በቢሾፍቱ ሥራውን ተረከበ። ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም፤ የለቀቀውም ሮቢንሰን ነው። ኢፍትሐዊ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በእርግጥም መራራ ነበር። ሆኖም ስዊድን ከመምህራኑ ጋር የሳብ አይሮፕላኖችንና መለዋወጫቸውን ታቀርብ ነበር፤ ሮቢንሰን ግን ከኋላው ፋብሪካ አልነበረውም። በ1927 ዓ.ም. ለአገሪቱ ያስፈለጋት የእርሱ ማንነት ጭምር ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ያስፈለጋት ግን የዕቃ አቅርቦት ነው።

ቢሆንም ከኢትዮጵያ አልወጣም። በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ለተጎዳ ሰው የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበር አይሮፕላኑ አዲስ አበባ ላይ ወደቀች። በደረሰበት ጉዳት በዚያው ወር በ18ኛው ቀን ዐርፎ በጉለሌ መካነ መቃብር ተቀበረ። በዚያ በረራ አብሮት የነበረውና በአደጋው የሞተው ባልደረባው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር።