ኦቲስ ሬዲንግ፦ ለባለቤቱ ያልደረሰው አንደኛነት

አንዳንዱ ዘርቶ ያጭዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዘርቶ አዝመራውን ሳያይ ያልፋል። አሜሪካዊው የሶል ሙዚቃ ድምፃዊ ኦቲስ ሬዲንግ ከኋለኞቹ ወገን ነው።

ኦቲስ እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941 በጆርጂያ ግዛት ዳውሰን ከተማ ተወለደ። አባቱ በሰው መሬት ላይ የሚያርስ፣ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈል ገበሬ ነበር። ኦቲስ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሜከን ከተማ አቀና። ድምፁንም በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ገራ። አባቱ በሳንባ ነቀርሳ ሲታመም ግን በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ የውኃ ጉድጓድ እየቆፈረ፣ በነዳጅ ማደያ እየሠራ ቤተሰቡን ደገፈ።

በ1962 ጊታር ተጫዋቹን ጆኒ ጄንኪንስን በመኪና ይዞ በሜምፊስ ከተማ ወደሚገኘው የስታክስ ስቱዲዮ ሄደ። የጄንኪንስ ቀረጻ እንደታሰበው ሳይሳካ ቀርቶ ጥቂት ጊዜ ሲተርፍ፣ ለሹፌሩ የመዝፈን ዕድል ተሰጠው። በዚያ ቀን የዘፈነው «ዚዝ አርምስ ኦፍ ማይን» የዝና በሩን ከፈተለት።

በ1965 ያወጣው «አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ ቱ ሎንግ» በጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ሰንጠረዥ 2ኛ ሲወጣ፣ በአጠቃላዩ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ግን ከ21ኛ አላለፈም። በዚያው ዓመት ደርሶ የዘፈነውን «ሪስፔክት» አሪታ ፍራንክሊን በ1967 ዘፍና አንደኛ አደረገችው። ኦቲስ ግን መሬት ያልነበረው ገበሬ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ከሙዚቃ ባገኘው ገንዘብ በሜከን አቅራቢያ 120 ሄክታር ገደማ የሚሰፋ የራሱን እርሻ ገዛ።

በጁን 1967 በሞንተሬይ የሙዚቃ ድግስ ብዙዎቹ ነጮች የሆኑ ታዳሚዎችን ማረከ። ከዚያም በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ በጀልባ ቤት ተቀምጦ የጀመረውን «ዘ ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ»ን ከጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ክሮፐር ጋር ጨርሶ ቀረጸው።

ቀረጻው በተጠናቀቀ በቀናት ውስጥ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1967፣ አውሮፕላኑ በዊስኮንሲን ግዛት ሞኖና ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። ኦቲስ በ26 ዓመቱ አረፈ። አብረውት ከተሳፈሩት ሙዚቀኞች የተረፈው መለከት ነፊው ቤን ኮሊ ብቻ ነበር።

ዘፈኑ በጃንዋሪ 1968 ወጣ፤ በማርች ወርም የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ለ4 ሳምንታት ዘለቀ። በአሜሪካ አንድ ድምፃዊ ከሞተ በኋላ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈንም ይኸው ሆነ። ኦቲስ በሕይወት ሳለ ያልደረሰበት ማዕረግ በስሙ ተጻፈ፤ ሥጋው ግን ቀድሞ በገዛው እርሻ አፈር ውስጥ አርፎ ነበር።