የባሕረኛው የጀምስ ኩክ ታሪክ

ከጋሞ ተራራ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው የአባያና የጫሞ ሐይቆች እጅግ ሰፊ ሆነው ይታዩታል። ነገር ግን በስተ ምሥራቅ የአማሮ ተራሮች ይታያሉና ባለ ታንኳው የብስን ከዓይኑ አያጣም። ፓሲፊክ በሚባለው ታላቅ ውቅያኖስ ላይ በሸራ መርከብ ይሄድ የነበረ ሰው ግን ብዙ ሳምንት ሰማይና ውኃ ብቻ እያየ ይኖር ነበር። የአርባ ምንጭ ሰው ከተራራው ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ይጠጣል፤ ባሕረኛው ግን በውኃ ተከቦ ሳለ፣ ባሕሩ ጨው ነውና፣ በበርሜል ከያዘው በቀር የሚጠጣው አልነበረውም። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ የባልንጀሮቹን ሕይወት መጠበቅ የተማረ የአንድ ሰው ታሪክ እነሆ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጀምስ ኩክ በ1728 በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር አውራጃ ተወለደ። አባቱ በሰው እርሻ ተቀጥሮ የሚሠራ ድሀ ነበረ፤ የእርሻውም ጌታ ለብላቴናው የትምህርቱን ዋጋ ከፈለለት። ካደገ በኋላ በሱቅ ተቀጠረ፤ ልቡ ግን ወደ ባሕር አዘነበለ። ስለዚህ ከሰል በሚጭኑ መርከቦች ገብቶ ሥራውን ከታች ጀምሮ ተማረ። በ1755 ወደ ንጉሡ የጦር መርከቦች ገባ፤ በትጋቱና ካርታ በመንሣት ችሎታውም ከፍ ከፍ አለ። በ1768 ኢንዴቨር የምትባል መርከብ ተሰጠችውና ዝሁራ የተባለችው ኮከብ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ወደ ታሂቲ ደሴት ተላከ።

የመርከቢቱ ርዝመት 30 ሜትር ያህል ሲሆን 94 ሰዎች ይኖሩባት ነበር። ባሕረኞቹ በገመድ በተንጠለጠለ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ይተኙ ነበር፤ ለአንዱ ሰው የሚደርሰው ወርድ ሁለት ስንዝር አይሞላም። ሰዓቱ በአሸዋ ብርጭቆ ይለካል፤ በየግማሽ ሰዓቱም ደወል ይደወላል። ምግባቸው ነቀዝ የበላው ደረቅ ብስኩት፣ በጨው የታሸ ሥጋና አተር ነበረ። ወተት የምትሰጥ አንዲት ፍየልም ነበረች፤ ይህች ፍየል ቀድሞ በሌላ መርከብ ዓለምን ዞራ ነበርና ከኩክ ጋር ሁለተኛ ዞረች።

በዚያ ዘመን ባሕረኞችን ከማዕበልና ከጦር ይልቅ የሚገድላቸው ስከርቪ የተባለ በሽታ ነበረ። የያዘው ሰው ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይወልቃል፣ የዳነ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ከኩክ አስቀድሞ፣ ከ1740 እስከ 1744፣ አንሰን የተባለ የእንግሊዝ አለቃ ዓለምን ሲዞር ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች በበሽታ አልቀውበታል።

ኩክ ይህን ለመከላከል ብዙ በርሜል የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ጫነ። የጋሞ ደጋ ሰው እንሰቱን ፍቆ በጉድጓድ እንደሚያኮመጥጠው፣ ጥቅል ጎመንም ተቆራርጦ በጨው ሲኮመጥጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ባሕረኞች ግን ያልለመዱትን ምግብ ይጠላሉ። በጉዞው መጀመሪያ ትኩስ ሥጋ አንበላም ያሉትን ሁለት ሰዎች ኩክ እያንዳንዳቸውን 12 ጅራፍ አስገርፎ ነበር። ለጎመኑ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በየቀኑ በሹማምንቱ ገበታ ላይ እንዲቀርብ አደረገ፤ ሌሎቹን፦ የወደደ ይብላ፣ ያልወደደ ይተው ብሎ ተዋቸው። አለቆቻቸው ሲበሉት ባዩ ጊዜ ሁሉም ፈለጉት፤ አንድ ሳምንትም ሳይሞላ እንዳያልቅ እየተመጠነ ይሰጥ ጀመር። ጅራፍ ማድረግ ያልቻለውን ምሳሌነት አደረገው።

ወደ የብስም በደረሰ ጊዜ ሁሉ ቅጠላ ቅጠል ያስለቅም ነበር። በአርባ ምንጭ ቆላ ሰው የሽፈራውን፣ ማለት የሃለኮን ቅጠል ቀቅሎ እንደሚበላ፣ እርሱም የዱር ጎመን በሾርባ እያስቀቀለ ያበላቸው ነበር። ልብሳቸውና መኝታቸው እንዲታጠብና እንዲደርቅ፣ ከወለሉም በታች እሳት እየነደደ እርጥበቱ እንዲጠፋ አዘዘ። በሌሎች መርከቦች ሰው በሁለት ተራ ሲሠራ፣ እርሱ እንቅልፍ እንዲጠግቡ በሦስት ተራ ከፈላቸው።

ሆኖም በ1770 መጨረሻ መርከቢቱ በባታቪያ ወደብ ስትጠገን ንዳድና ተቅማጥ ገቡባት፤ በዚያና ከዚያ በኋላ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ከ1772 እስከ 1775 በተደረገው በሁለተኛው ጉዞ ግን ከ100 ከሚበልጡት የመርከቡ ሰዎች የሞቱት 4 ብቻ ሲሆኑ፣ በበሽታ የሞተው አንድ ነው። ስለዚህ በ1776 የሎንዶን የሊቃውንት ማኅበር በወርቅ ኒሻን አከበረው። የበሽታው ምክንያት ቫይታሚን ሲ የሚባለው ነገር ማነሱ እንደ ሆነ የታወቀው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ኩክ ይህን አላወቀም፤ እንዲያውም የብቅል ውኃን ከሚገባው በላይ አመሰገነ፤ የሎሚን ጥቅም ግን አሳነሰ።

በሦስተኛው ጉዞ ይህ ታጋሽ ሰው ቁጡ ሆነ። የሃዋይ ሰዎች በታላቅ ክብር ተቀብለውት ነበር። በየካቲት ወር 1779 ግን አንዲት ጀልባ በሌሊት ተሰረቀች፤ እርሱም ጀልባይቱ እስክትመለስ ንጉሣቸውን በመያዣነት ሊወስድ ከታጠቁ ወታደሮች ጋር ወረደ። ሕዝቡ ለንጉሡ ፈርቶ ተሰበሰበ፤ ጠብ ተነሣ፤ ኩክ ከአራት ወታደሮቹ ጋር በባሕሩ ዳር ተገደለ፤ ከአገሩም ሰዎች ብዙዎች ሞቱ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበረ። በእርሱ መንገድ የመጡት መርከቦችም ለደሴቶቹ ሰዎች ብዙ በሽታ አመጡ፤ ከጊዜም በኋላ ብዙዎቹ ምድራቸውን ተቀሙ።

ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ሁለት ነገር ተማሩ። ሰዎችን ወደ መልካም ነገር ልትመሩ ብትወዱ፣ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ከዚያው ገበታ ብሉ። ደግሞም ትዕግሥት አንድ ጊዜ ተገዝቶ በሣጥን የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ እንደ መርከብ ወለል በየቀኑ ካልተጠረገ ይበላሻል። ኩክ አሥር ዓመት በትዕግሥት የገነባውን በአንድ ማለዳ ቁጣ አፈረሰው።