ኸርማን ሄልምሆልትዝና የድምፅ ማጉያ ሣጥን

ኸርማን ሄልምሆልትዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 በፕሩስያ ግዛት፣ በፖትስዳም ከተማ ከመምህር ቤተሰብ ተወለደ። (የቀሩትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የወጣትነት ምኞቱ ፊዚክስ ነበር፤ ዳሩ ግን የአባቱ ገቢ ለዚያ ስላልበቃ በመንግሥት ወጪ ሕክምና ተምሮ ውለታውን በጦር ሠራዊት ሐኪምነት መክፈል ግድ ሆነበት።

ይሁን እንጂ ሕክምናው ከምኞቱ አላራቀውም። በ1847 ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ሕግ የሚያብራራ ጥናት አሳተመ። በ1851 ደግሞ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል የሚያሳየውን መሣሪያ ይፋ አደረገ። ከዓይን ቀጥሎ የመረመረው ጆሮን ነው። ከተደባለቁ ድምፆች መካከል አንዱን ነጥሎ ለመስማት ሁለት ቀዳዳ ባላቸው ባዶ ሉሎች ተጠቀመ፤ አንዱ ቀዳዳ ድምፅ ሲቀበል ሁለተኛው ከጆሮ ጋር ይገጥም ነበር። በአፉ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ያለው እንደ ሞላ ስለሚሠራ፣ ሉሉ አጉልቶ የሚመልሰው ከራሱ ንዝረት ጋር የሚስማማውን ቃና ብቻ ነው። ይህን በ1863 ስለ ድምፅ ስሜት ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ።

በ1871 ምኞቱ ሠምሮ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1894 አረፈ። የቤት ድምፅ ማጉያ ግን አላየም። በ1930 የቤል ላቦራቶሪው አልበርት ቱራስ ቀዳዳ ላለው የድምፅ ማጉያ ሣጥን የፈጠራ መብት ሲጠይቅ፣ የሣጥኑ አሠራር የተመሠረተው በዚያው ሉል ሕግ ላይ ነበር።

ሕጉ ግልጽ ነው። ሣጥኑ ሲሰፋ ወይም የቀዳዳው ቱቦ ሲረዝም ቃናው ይወርዳል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ይወጣል። የንዝረቱን ብዛት በግማሽ ለመቀነስ፣ ቱቦው ሳይለወጥ፣ የሣጥኑ ይዘት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ቀዳዳውን ማጥበብ አቋራጭ ቢመስልም፣ በጠባብ መንገድ የሚፈጥን አየር ያፏጫል። ከተቃኘበት ቃና በታች ደግሞ ከቀዳዳው የሚወጣው ድምፅ የፊተኛውን ይሽራል፤ የማጉያውም ወረቀት ያለ ልጓም ይወዛወዛል። ሣጥኑን ወደ ክፍሉ ማዕዘን ማስጠጋት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፤ የክፍሉን የራሱን ጉምጉምታ ግን አብሮ ይቀሰቅሳል እንጂ የተሳሳተውን ቅኝት አያርምም።

እንግዲህ ቀዳዳ በራሱ ወፍራም ድምፅን አይፈጥርም፤ የሚረዳው ሲቃኝ ነው። ሄልምሆልትዝ ሉሎቹን የተጠቀመባቸው ድምፅን ለማብዛት ሳይሆን ለይቶ ለማወቅ ነበር። መሰርሰሪያ ከማንሣታችን በፊት ሣጥኑን የምንለካ ከሆነ፣ የሐኪሙ ድካም ለሙያችንም ተርፏል ማለት ነው።